የወለቀው ጥርስ ምን ይላል?

ደብረ ታቦር ማለዳዋ ቀዝቃዛ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ረፋድ ድረስ ጋቢ አያስጥልም። የጠዋቱ ቡና እስኪፈላ ከሚነሡት ወጎች አንዱ የሌሊቱ ህልም ነው። አንዷ ጎረቤት “ጥርሴ ወልቆ መዳፌ ላይ አየሁት” ካለች፣ ጀበናውን የከበቡት ሁሉ አስቀድመው “በጎ ያርገው!” ይላሉ። ፍቺው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥርስ ከወለቀ ዘመድ ይሞታል፤ ሰርግ ለቅሶ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ሕመም ነው፤ እባብ ጠላት ነው ይባላል።

ህልም ታዲያ ላገኙት ሁሉ አይነገርም። ክፉ የሚፈታ ሰው ክፉውን ይጠራል ተብሎ ይፈራል። “ህልም እንደ ፈቺው” የሚባለውም ለዚሁ ነው።

አማርኛ ሌሊት የሚታየውን ሁሉ በአንድ ስም አይጠራም። ህልም አለ፤ ራእይ አለ፤ ቅዠት አለ፤ ተኝቶ የነቃውን ሰው ደረቱ ላይ ወጥቶ የሚጫን ዱካክም አለ። የከተማዋ ስም ራሱ ከዚህ ወግ አይርቅም። ደብረ ታቦር በየዓመቱ ነሐሴ 13 የሚታሰበው የታቦር ተራራ ስም ነው። ሉቃስ በወንጌሉ እንደሚተርከው፣ የክርስቶስ ክብር ሲገለጥ ጴጥሮስና ባልንጀሮቹ እንቅልፍ ከብዷቸው ነበር፤ ክብሩን ያዩት ሲነቁ ነው።

ሳይንስ ህልምን በላቦራቶሪ መከታተል የቻለው ዘግይቶ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን፣ የተኛ ሰው ዓይኖች በተከደነው ሽፋን ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት የእንቅልፍ ክፍል እንዳለ አስታወቁ። ዛሬ “ሬም” ይባላል። በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተመላለሰ የአዋቂን እንቅልፍ ሩብ ያህል ይይዛል። በ1957 እ.ኤ.አ. ክላይትማንና ዊልያም ዲመንት ሰዎችን ከዚህ እንቅልፍ መሐል ሲቀሰቅሷቸው፣ ከመቶው በ80ው ጊዜ ያህል ትኩስ ህልም ተረኩላቸው።

በሬም ጊዜ ስሜትንና ምስልን የሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች ይሟሟቃሉ። አመዛዝኖ “ይህማ እንዴት ይሆናል?” የሚለው የፊተኛው ክፍል ግን ቀዝቀዝ ይላል። የሞተ አያት በር አንኳኩቶ ሲገባ ተኝቶ የሚያየው ሰው የማይገረመው በዚህ ምክንያት ነው። ጡንቻዎችም በዚያን ጊዜ ይዝላሉ፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ሰው በህልሙ ሲሮጥ ከአልጋው ይወድቅ ነበር። አልፎ አልፎ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ሰውነት እንደዛለ ይቀራል። ዓይን ያያል፤ እጅ አይታዘዝም፤ ደረት ይጨነቃል። ዱካክ የሚባለው ይኸው ነው።

ወደ ጥርሱ እንመለስ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለት የእስራኤል ተመራማሪዎች 210 ተማሪዎችን ስለ ህልማቸው ጠየቁ። ጥርሱ ሲወልቅ የሚያይ ሰው ከሌላው የበለጠ ጭንቀት የተጫነው ሆኖ አልተገኘም። የተገኘው ተዛማጅ ነገር ሲነቁ የሚሰማ የጥርስ ወይም የመንጋጋ መወጠርና ሕመም ነበር። እንግዲህ የጎረቤቷ ህልም ስለ ዘመዶቿ ሳይሆን፣ ሌሊቱን ጥርሷን ስታፋጭ ስለማደሯ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ህልም ግን ከአካል ስሜት አይመጣም። ካልቪን ሆልና ሮበርት ቫን ደ ካስል በ1966 እ.ኤ.አ. ከ200 ተማሪዎች የተሰበሰቡ 1,000 ህልሞችን ሰዎቹን፣ ቦታዎቹንና ጠቡን እየቆጠሩ መዘገቡ። ሆል ከእንዲህ ዓይነቱ ቆጠራ የደረሰበት ድምዳሜ፣ ሰው በህልሙ የሚያየው በአብዛኛው ቀን የሚያሳስበውን ነው የሚል ነበር።

ክርክሩ የጦፈው ምስሎቹ ምን ይወክላሉ በሚለው ላይ ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1899 እ.ኤ.አ. መገባደጃ በወጣው መጽሐፉ እያንዳንዱ ህልም የተደበቀ ምኞት አለው አለ። ለቅኔ ተማሪ ይህ አዲስ አይደለም፤ ሰም ካለ ወርቅ አለ። በ1977 እ.ኤ.አ. ግን የሃርቫርዶቹ አለን ሆብሰንና ሮበርት ማካርሊ፣ ህልም አንጎል ከግንዱ የሚነሡ የዘፈቀደ ምልክቶችን ሰብስቦ የሚፈትለው ታሪክ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ባለቅኔ ሰሙንም ወርቁንም አውቆ ያኖራል፤ የተኛ አንጎል ሰሙን ብቻ ያወጣል። ወርቁን የሚያኖረው የነቃው ሰው ነው።

በክብረ ነገሥት ንጉሥ ሰሎሞን ፀሐይ ከይሁዳ ተነሥታ ኢትዮጵያ ላይ ስታበራ በህልሙ ያያል፤ ትርጉሙም የክብር መሻገር ነው። ያቺው ፀሐይ ግን ሐምሌ ላይ ዝናብና ብርድ ለሰለቸው፣ ገብሱና ድንቹ ላሳሰበው የጉና ገበሬ ሌላ ነገር ናት። ለሁሉም የሚሠራ የህልም መዝገበ ቃላት የለም።

ታዲያ ህልምን ማሰብ ምን ይጠቅማል? አንደኛው ጥቅም ትምህርት ላይ ይታያል። በ2010 እ.ኤ.አ. ኤሪን ዋምስሌና ባልደረቦቿ 99 ሰዎችን በኮምፒውተር መንገዱ የተወሳሰበ ሥፍራ ውስጥ አስገቧቸው። ከዚያ አሸልበው ያንኑ መንገድ በህልማቸው ያዩት ጥቂቶቹ፣ ሲመለሱ ከሌሎቹ እጅግ የተሻለ ውጤት አመጡ። በቤተልሔም ጉባኤ ቤት ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት የሚያጠና ተማሪ ሌሊት ዜማው በህልሙ ከመጣለት፣ አንጎሉ ገና ትምህርቱ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጥቅም ራስን ማየት ነው። እንደነቁ ከአልጋ ሳይወርዱ ህልሙን መጻፍ፤ ከምስሉ ይልቅ ስሜቱን መመዝገብ፤ “ይህን ስሜት በዚህ ሳምንት የት አገኘሁት?” ብሎ መጠየቅ። የአንድ ሌሊት ህልም ብዙ አይናገርም፤ በወር አምስት ጊዜ የተመላለሰ ግን ሊታሰብበት ይገባል።

ቅዠት ሌላ ጉዳይ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ተስፋፍቶ እስከ ላይ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ሰው ያየውን ሌሊት ደግሞ ደጋግሞ ቢያየው ምልክት ወይም ንግርት አይደለም፤ የሚታከም ጉዳት ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ ፆታዊ ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ የሞከሩት ዘዴ ቀላል ነው፦ ቅዠቱን ቀን ላይ ማስታወስ፣ ታሪኩን በፈለጉት መንገድ መለወጥ፣ አዲሱን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በሐሳብ መለማመድ። የሴቶቹ ቅዠት ቀነሰ፤ እንቅልፋቸውም ተሻሻለ። ቅዠቱ ከወር በላይ የዘለቀበት ሰው ግን ብቻውን አይታገል፤ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ሄዶ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክር።