የቀለጠ ብረታ ብረት እፍግታ ለምን እና እንዴት ይለካል?

የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተር ክፍሎች፣ የመኪና ሞተር አካላት እና ሌሎች በርካታ መሣሪያዎች የሚሠሩት ብረታ ብረትን አቅልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በማፍሰስ ነው። ከውጭ ሲታዩ እንከን የለሽ የሚመስሉ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች አንዳንድ ጊዜ በሥራ ላይ እያሉ ይሰነጠቃሉ ወይም ውኃ ያንጠባጥባሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ በውስጣቸው ተደብቆ የቀረ ባዶ ቦታ ነው። ይህን ችግር አስቀድሞ ለመከላከል የቀለጠውን ብረታ ብረት እፍግታ ማወቅ ያስፈልጋል።

እፍግታ በተወሰነ ይዘት ውስጥ የሚገኝ የቁስ መጠን ነው። አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የአንድ ሊትር ቦታ የሚይዝ ጠጣር አሉሚኒየም ደግሞ 2 ነጥብ 7 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቀልጥ ግን ስለሚሰፋ የአንድ ሊትሩ ክብደት ወደ 2 ነጥብ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ በተቃራኒው ይኮማተራል። አንድ ሊትር የቀለጠ አሉሚኒየም ረግቶ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የሚይዘው ቦታ ከ0 ነጥብ 9 ሊትር ያነሰ ነው። ባለሙያው የጎደለውን የሚሞላ ተጨማሪ ቅልጥ ካላዘጋጀ ጉድለቱ በዕቃው ውስጥ ክፍተት ሆኖ ይቀራል። የቅይጥ ብረታ ብረት እፍግታ ደግሞ እንደ ቅይጡ ዓይነትና መጠን ስለሚለያይ በልኬት መረጋገጥ አለበት።

የቀደመው የመለኪያ ዘዴ የተመሠረተው የግሪኩ ሊቅ አርኪሜድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደረሰበት ሕግ ላይ ነው። ይዘቱ የታወቀ፣ ሙቀቱን የሚቋቋም ቁስ በሽቦ ከሚዛን ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ቅልጡ ይጠልቃል። 10 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሆነው ቁስ በቅልጡ ውስጥ 24 ግራም ከቀለለ፣ የቅልጡ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2 ነጥብ 4 ግራም ነው ማለት ነው። ሆኖም የሚጠልቀው ቁስ ራሱ በሙቀት ይሰፋል፤ የቅልጡ ገጽም ሽቦውን ይስባል። ሁለቱም በስሌት መታረም አለባቸው።

በሌላ ዘዴ አርጎን ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ቅልጡ ይነፋል። አረፋ ለማውጣት የሚያስፈልገው ግፊት በሁለት የተለያየ ጥልቀት ይለካና ከልዩነቱ እፍግታው ይሰላል። ጋማ ጨረር በቅልጡ ውስጥ በማሳለፍ የሚለካበት ዘዴም አለ፤ እፍግታው በጨመረ መጠን አልፎ የሚወጣው ጨረር ይቀንሳል።

እጅግ ከፍተኛ ሙቀት የሚፈልጉ ብረታ ብረቶች የበለጠ ያስቸግራሉ። ተንግስተን የሚቀልጠው በ3 ሺህ 400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በመሆኑ ለእርሱ የሚሆን ማቅለጫ ዕቃ ማግኘት አዳጋች ነው። ስለሆነም ተመራማሪዎች ትንሽ ጠብታን በኤሌክትሪክ ኃይል አንሳፍፈው በሌዘር ያቀልጡና ፎቶ ያነሳሉ። ከፎቶው ይዘቱን፣ ከሚዛን ደግሞ መጠነ ቁሱን ያገኛሉ። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚገኘው የጃፓን ቤተ ሙከራ ኪቦ ለዚህ የሚያገለግል ምድጃ አለው።

የአሉሚኒየም ማቅለጫ ቤቶች ግን ቀለል ያለ ፍተሻ ይጠቀማሉ። ከአንድ ቅልጥ ሁለት ናሙና ይቀዳል፤ አንዱ በተለመደው አየር፣ ሌላው የአየር ግፊቱ በተቀነሰበት ዕቃ ውስጥ ይረጋል። ከዚያም ሁለቱም በአየርና በውኃ ውስጥ ተመዝነው እፍግታቸው ይነጻጸራል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ቅልጡ በርካታ ሃይድሮጅን ጋዝ ይዟል ማለት ነው። የጋዙ ዋና ምንጭ እርጥበት ነው። በመሆኑም ቁርጥራጩንና የሥራ ዕቃውን በሚገባ ማድረቅ ያስፈልጋል። እርጥብ ቁርጥራጭ ወደ ቅልጥ መጨመር ፍንዳታ አስከትሎ የሠራተኛውን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።