ለጫሞ የሚበጀው ደንብ

ፈረንሳይ በ2020 ባወጣችው ሕግ፣ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ የሚሸጥ አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሁሉ ከልብስ የሚረግፈውን የፕላስቲክ ክር የሚይዝ ማጣሪያ እንዲገጠምለት አዝዛ ነበር (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ቀኑ ሲደርስ ማስፈጸሚያ ደንቡ አልወጣም። የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች በ2023 ያጸደቁትን ተመሳሳይ ሕግ አገረ ገዥው ጋቪን ኒውሰም ውድቅ አደረጉት። በነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይ የተካሄደው የፕላስቲክ ስምምነት ድርድርም ያለ ውጤት ተበተነ።

ማጣሪያው ግን ይሠራል። በካናዳዋ ፓሪ ሳውንድ 97 ቤቶች ሲገጥሙት፣ ከከተማዋ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በሚወጣው ውኃ ያለው ብናኝ ክር በ41 በመቶ ቀንሷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ክርክር ሌላ ነው። በ2020 የታተመ ጥናት ከውቅያኖሶች ላይ ከተሰበሰቡት ክሮች ፕላስቲክ ሆነው የተገኙት 8.2 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳየ፤ የሚበዙት ጥጥና መሰሎቹ ናቸው። ይህን ይዘው ጥጥና ፖሊስተርን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጡ አሉ። አልስማማም። ቀለምና ኬሚካል የበዛበት ጥጥ ቶሎ እንደማይበሰብስ አውቃለሁ፤ ቢዘገይም ግን ይበሰብሳል፣ ፖሊስተር እየደቀቀ ይከማቻል። የዶርዜ ሸማኔ ቡልኮ ከሰልባጅ የፖሊስተር ጃኬት እኩል መከሰስ የለበትም።

የጋሞ ደጋዋ ጨንቻ ብርዱን በጋቢና በቡልኮ ስትመክት ኖራለች፤ ዛሬ የፖሊስተር ጃኬትና ብርድ ልብስ ተጨምሯል። አብዛኛው የሚታጠበው በእጅ፣ በሳፋ ወይም ወንዝ ዳር ነው። በ2023 የወጣ ሙከራ አንድ ዓይነት የፖሊስተር ጨርቅ በማሽን ሲታጠብ በአማካይ 23,723፣ በእጅ ሲታጠብ 1,853 ብናኝ እንደሚለቅ ቆጥሯል። መዘፍዘፍና ማሻያ ሰሌዳ ቁጥሩን ከፍ ቢያደርጉትም ማሽኑን አይደርሱበትም። ስለዚህ በእጇ የምታጥበውን እናት ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ነው። ሆኖም የሳፋው ውኃ ሳይጣራ ይደፋል፤ ከጋሞ ደጋ የሚወርደው የኩልፎ ወንዝም አርባ ምንጭን አልፎ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። በሌላው ሐይቅ፣ በዝዋይ፣ ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶው ፕላስቲክ ውጠው ተገኝተዋል።

ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች። የልብስ ማጠቢያ ማሽንም በዚያው በጉምሩክ በር ነው የሚገባው፤ በማሽን የሚያጥቡ ሆቴሎችና ሎጆች ማጣሪያ ያለውን ብቻ እንዲያስገቡ ማዘዝ ይቻላል። ደንቡ ግን ማጣሪያው እንዴት እንደሚጸዳም መናገር አለበት፦ የተጠራቀመው ብናኝ በደረቁ ተጠርጎ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል። ከቧንቧ ሥር ከተለቀለቀ ክሩ ተመልሶ ፍሳሹ ውስጥ ይገባል።