እርባታው ሳይጀመር እገዳው ለምን? ስለ ኦክቶፐስ የተጀመረው የሕግ ዘመቻ

የሳይንስ ትምህርት ስንለማመድ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለን በአንዱ ወገን «ደንደሴ»፣ በሌላው ወገን «ኢ-ደንደሴ» ብለን ያልጻፍን ሠልጣኞች የለንም። ላሟ፣ ዶሮዋ፣ ዓሣውና እንቁራሪቱ የጀርባ አጥንት ስላላቸው በአንድ በኩል፤ ትሉ፣ ሸረሪቱና ቀንድ አውጣው ስለሌላቸው በሌላው በኩል ይሰፍራሉ። ለማስተማር የሚመች ክፍፍል ነው፤ ስሕተትም የለበትም። ይሁንና ይኸው መስመር በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ ገብቶ፣ ከመስመሩ ወዲህ ያለው እንስሳ ሲታረድ ያለ መጠን እንዳይሠቃይ ሕግ ሲጠብቀው፣ ከመስመሩ ወዲያ ያለው ግን ጠባቂ አልባ ሆኖ እንደቀረ ብዙዎቻችን አናስተውልም። የኦክቶፐስ ክርክር የተነሣው ከዚህ ላይ ነው።

«ባሕር የሌለን ሰዎች በኦክቶፐስ ጉዳይ ምን ቤት ነን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ አብዛኞቻችን በሥዕል እንጂ በዓይናችን አላየነውም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት የማይበላ ሰው በሚበዛበት አገር ደግሞ የገበያውም ነገር አይነካንም። እኛን የሳበን ሌላ ነው። ሕግ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ይመጣል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ሰዎች ሕጉ ቀድሞ ይድረስ ብለው ተነሥተዋል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ እንስሳውን እንወቀው። ኦክቶፐስ ከቀንድ አውጣ ጋር በአንድነት ሞለስካ በሚባለው ወገን ይመደባል። አጥንት የለውም። ክንዶቹ ስምንት፣ ልቦቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ልቦች ደሙን ወደ ስንጥቦቹ፣ አንዱ ወደ ቀረው አካል ይገፋሉ። ደሙ ኦክሲጅን የሚሸከመው እንደኛ በብረት ሳይሆን በመዳብ ስለሆነ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚገኙት በጭንቅላቱ ሳይሆን በክንዶቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክንድ በከፊል በራሱ ይወስናል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብልሃቱን በሚመለከት ሁለት ነገር ብቻ እንጥቀስ። በ2009 ይፋ በሆነ ጥናት፣ በኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ አንድ የኦክቶፐስ ዓይነት ሰው የጣለውን የኮኮናት ቅርፊት ተሸክሞ እየተጓዘ፣ ሲያስፈልገው እንደ ቤት ውስጡ ሲገባ ታይቷል። በ2016 ደግሞ በኒውዚላንድ ናፒየር ከተማ በሚገኘው የባሕር እንስሳት ማሳያ ይኖር የነበረው ኢንኪ የተባለ ኦክቶፐስ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ከተተወው ገንዳ ሾልኮ ወጣ፤ ወለሉን አቋርጦ በውኃ መውረጃ ቧንቧ ገባና ወደ ባሕሩ ሄደ። አበቃ፤ አልተመለሰም።

ይሄ ሁሉ ብልሃትን ያሳያል እንጂ ሕመም ይሰማዋል አያሰኝም የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ አንሥቷል። ለዚህ የሚሆን መልስ በ2021 ሮቢን ክሩክ የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አቅርበዋል። ኦክቶፐሶቹ በሚወዱት ክፍል ውስጥ ሳሉ ክንዳቸው ላይ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በሆምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ፣ ተወጋ። ከዚያ በኋላ ያንን ክፍል መሸሽ ጀመሩ። የተወጋውንም ቦታ በአፋቸው ይፍቁት ነበር። ማደንዘዣ የተሰጣቸው ጊዜ ግን ማደንዘዣውን ያገኙበትን ክፍል መረጡ። እጁን እሳት ሲነካው የሚያነሣ ሰውነት በደመ ነፍስ ሊሠራው ይችላል፤ ሥቃይ የደረሰበትን ቦታ አስታውሶ መሸሽና ዕፎይታ ያገኘበትን ፈልጎ መሄድ ግን ከደመ ነፍስ ያለፈ ነገር ነው።

አሁን ወደ እርባታው እንምጣ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ300 ሺህ ቶን በላይ ኦክቶፐስ ከባሕር ይጠመዳል። ፈላጊው ስለበዛ አርብቶ ለመሸጥ ለብዙ ዓመታት ሲሞከር ቆይቶ አልተሳካም፤ ምክንያቱም ከእንቁላል የሚወጡት ጫጩቶች እጅግ ደቃቃና በቀላሉ የሚሞቱ ናቸው። በ2019 ኑዌቫ ፔስካኖቫ የተባለው የስፔን ኩባንያ ይህንን ችግር እንደተወጣው አስታወቀ። ቀጥሎም በካናሪ ደሴቶች፣ በላስ ፓልማስ ወደብ፣ በዓመት 3,000 ቶን፣ ማለት አንድ ሚሊዮን ያህል ኦክቶፐስ የሚያመርት እርባታ ለማቋቋም ዕቅድ አወጣ። በማርች 2023 የዕቅዱ ሰነድ በእንስሳት ተቆርቋሪዎች እጅ ገብቶ ቢቢሲ ዘገበው። በሰነዱ እንደተመለከተው፣ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ከ10 እስከ 15 እንስሳት ይያዛሉ፤ ከመቶው ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት በእርባታው ላይ እንዳሉ ይሞታሉ ተብሎ ተገምቷል፤ አገዳደሉም ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ በሆነ የበረዶ ውኃ ውስጥ በመንከር ነው።

ይህን ከእንስሳው ጠባይ ጋር ስናስተያየው ነገሩ ይገለጻል። ኦክቶፐስ ብቻውን የሚኖር ነው። ከመሰሎቹ ጋር ሲታጎር እርስ በርሱ ይበላላል። ብርሃን ሸሽቶ በዋሻ የሚውል ፍጥረት ነው። ላምና በግ እኮ መጀመሪያውኑ በመንጋ የሚኖሩ ስለነበሩ ነው ሰው ያላመዳቸው፤ ኦክቶፐስን ማጎር ግን ነብርን በበረት እንደ ማርባት ነው።

ኩባንያው በበኩሉ ለእንስሳቱ ደኅንነት እንደሚጠነቀቅና እርባታው በባሕር ውስጥ ባለው ኦክቶፐስ ላይ የሚደርሰውን ጫና እንደሚያቃልል ይከራከራል። ይህን ንቀን ማለፍ አይገባንም። በመረብና በወጥመድ የሚያዘውም ኦክቶፐስ ቢሆን አሟሟቱ የተሻለ አይደለም፤ ዘመቻውም እሱን አይነካም። ነገር ግን ኦክቶፐስ ሥጋ በል ነው። አንድ ኪሎ ሥጋ እንዲጨምር ሦስት ኪሎ ያህል መኖ ይፈልጋል፤ መኖው ደግሞ በአብዛኛው ከባሕር ከሚወጣ ዓሣ የሚሠራ ነው። ታዲያ አንዱን ለማዳን ሦስቱን ከዚያው ባሕር ማውጣት ምን ዓይነት ማቃለል ነው?

ሕጉን በሚመለከት ያለው ቅራኔ የባሰ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ያወጣው መመሪያ በቤተ ሙከራ ለምርምር የሚያገለግሉትን ኦክቶፐሶችና ዘመዶቻቸውን ይጠብቃል። ስለ እርባታ እንስሳት በ1998 የወጣው መመሪያ ግን ኢ-ደንደሴዎችን በሙሉ ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል። የእርድ ደንቡም የሚያውቀው ደንደሴዎችን ብቻ ነው። እንግዲህ በዚያው አገር ለሳይንቲስቱ ክልክል የሆነው አያያዝ ለነጋዴው ተፈቀደ ማለት ነው። በብሪታንያ፣ በጆናታን በርች የሚመራ ቡድን ከ300 በላይ ጥናቶችን መርምሮ በ2021 ባቀረበው ዘገባ፣ ኦክቶፐስ ስሜት እንዳለው የሚያሳየው ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ደኅንነቱን ጠብቆ ማርባትም አይቻልም አለ። በ2022 የወጣው የብሪታንያ ሕግም ኦክቶፐስን ስሜት ካላቸው እንስሳት ጋር ቆጠረው። ሆኖም ያ ሕግ መንግሥት ፖሊሲ ሲያወጣ እንዲያስብበት ያደርጋል እንጂ በራሱ እርባታን አይከለክልም።

ዘመቻ አድራጊዎቹ «እርባታው ይጀመር፣ ከዚያ ደንብ እናውጣለት» የሚለውን ሐሳብ የማይቀበሉት የዶሮውን ታሪክ ስለሚያውቁ ነው። በጠባብ የሽቦ ሣጥን ዶሮ ማጎርን የአውሮፓ ኅብረት ለመከልከል የወሰነው በ1999 ነው፤ ክልከላው ሥራ ላይ የዋለው ግን በ2012 ነው። 13 ዓመት! ለምን ቢሉ፣ ሣጥኑ ተገዝቷል፣ ብድሩ ተወስዷል፣ ሠራተኛው ተቀጥሯል። አንዴ ገንዘብ የፈሰሰበትን ነገር ማስቆም ማለት የሰው እንጀራ መንካት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕግ አውጪው ይፈራል። ማንም እንጀራውን ያልመሠረተበትን ነገር መከልከል ግን የሚያፈናቅለው ሰው የለም።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ዋሽንግተን ናት። በማርች 2024 ኦክቶፐስን ለምግብ ማርባትን የሚከለክል ሕግ ጸደቀ። ካሊፎርኒያ በሴፕቴምበር 2024 ተከተለች፤ ሕጉም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸና ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ዋሽንግተን የከለከለችው ማርባቱን ነው። ካሊፎርኒያ ግን በእርባታ የተገኘ መሆኑን እያወቁ መሸጥንም ከለከለች። ይህ ትንሽ የሚመስል ጭማሪ ነው፤ ነገር ግን ማርባቱ ብቻ ሲከለከል ኩባንያው ገንዳውን ወደ ሌላ አገር ወስዶ ሥጋውን መልሶ ሊልክ ይችላል። ገበያው ሲዘጋ ግን ገንዳው የትም ቢሆን ትርፉ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። በሁለቱም ግዛቶች ኦክቶፐስን ለምግብ የሚያመርት የተቋቋመ እርባታ አልነበረም፤ ስለዚህ መከልከሉ ብዙ ተቃዋሚ አልገጠመውም። በጁላይ 2024 ሁለት ሴናተሮች፣ ሼልደን ኋይትሃውስና ሊሳ መርካውስኪ፣ አንዱ ዴሞክራት ሌላዋ ሪፐብሊካን ሆነው፣ እርባታውንም ከውጭ የሚገባውንም ምርት በመላው አሜሪካ የሚከለክል ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ በዚያ የምክር ቤት ዘመን ሳይጸድቅ ቀረ። ገንዘብ ያወጣ ኩባንያ፣ ኦክቶፐስ የሚበላ ሕዝብና የተዘጋጀ የወደብ ቦታ በአንድነት የተገኙት በስፔን ነው፤ የሕጉ ዋና ፈተናም እዚያ ነው።