ከማሽኑ በፊት ያለው ሥራ

አሜሪካ ውስጥ ሰው የቤተሰብ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄድ ከመጠበቂያው ክፍል ስሙን ጠርታ የምታስገባው፣ ግፊቱን ለክታ ጣቱን ወግታ ስኳሩን የምታየው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ነርስ አይደለችም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያም አይደለችም። ሜዲካል አሲስታንት ናት። ሙያው እ.ኤ.አ. በ1956 የራሱን አገር አቀፍ ማኅበር አቋቁሟል። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲያትል ኗሪ የሆነ ሐበሻ ሁሉ ይህን የምትማር ወይም የምትሠራ ዘመድ አያጣም። አገር ቤት ግን እንዲህ ያለ ሥራ ለብቻው ስለማይታወቅ እናት በስልክ «ነርስ ነሽ ወይስ ላቦራቶሪ?» ብላ ስትጠይቅ ልጅ መልሱ ይቸግራታል። ሥራዋ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይዟል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው የላቦራቶሪውን ድርሻ ነው፤ ከትምህርቱ ሁሉ ቀላል የሚመስለውና፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው እሱ ነው።

በመጀመሪያ፣ ለሜዲካል አሲስታንት ምን ተፈቅዶላታል? መልሱ ያለው በአንድ ሕግ ውስጥ ነው። በ1980ዎቹ የማኅፀን በር ካንሰር ስላይዶች በችኮላና በገፍ እየተነበቡ፣ ካንሰር ያለባቸው ሴቶች «ምንም የለብሽም» ተብለው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው በአሜሪካ ጋዜጦች ወጣ። ኮንግረሱም በ1988 ክሊያ የሚባለውን የላቦራቶሪ ሕግ አወጣ። ሕጉ ትልቁን የሆስፒታል ላቦራቶሪ ብቻ ሳይሆን በሐኪም ቢሮ ጓዳ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራውን ምርመራ ጭምር ይመለከታል። ምርመራዎች እንደ ውስብስብነታቸው በሦስት ደረጃ ተከፍለዋል። ከሁሉ ቀላሉ ደረጃ «ዌቭድ» ይባላል፤ የሜዲካል አሲስታንት ተማሪ በዋናነት የምትለማመደው ይህንን ነው። የጣት ስኳር፣ ሄሞግሎቢን፣ የሽንት ስትሪፕ፣ የእርግዝና ምርመራ፣ የጉሮሮ ስትሬፕ፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ክሊኒኩ ለእነዚህም ቢሆን ፈቃድ ማውጣትና የአምራቹን መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከተል አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ ቅርብ የሆነው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጣት ደም የሚያደርጉት ፈጣን የወባ ምርመራ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው ማለት ግን አይበላሽም ማለት አይደለም። በላቦራቶሪ ውስጥ ከሚፈጠሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚፈጠሩት ናሙናው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ማሽኑ የተሰጠውን ብቻ ያነባል። የማን ደም እንደሆነ፣ እንዴት እንደተወሰደ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ አያውቅም።

ጣት መውጋትን ቀረብ ብለን እንየው። ተማሪዋ ጓንቷን አጥልቃ የታካሚውን እጅ ትዳስሳለች፤ ቀዝቅዞ ከሆነ ታሞቀዋለች፤ የመሃል ወይም የቀለበት ጣት ትመርጣለች። በ70 በመቶ አልኮል ከጠረገች በኋላ በራሱ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ያልደረቀ አልኮል ያቃጥላል፤ ከደሙ ጋር ሲቀላቀልም ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳል። የምትወጋው የጣቱን ጫፍ አናት ሳይሆን ከመሃል ወደ ጎን ፈቀቅ ያለውን ሥጋማ ቦታ ነው፤ መውጊያዋንም የአሻራውን መስመሮች እንዲያቋርጥ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ አለዚያ ደሙ በመስመሮቹ ውስጥ ተስቦ ይሄዳል እንጂ ክብ ጠብታ አይሠራም። የመጀመሪያዋን ጠብታ በጎዝ ትጠርጋታለች፤ ከቆዳ ሥር ያለ ፈሳሽ የተቀላቀለባት ናትና። ደሙ እምቢ ሲል ጣቱን አጥብቆ መጭመቅ ያምራል፤ ግን ያው ፈሳሽ ተጨምቆ ወጥቶ ደሙን ያቀጥነውና ሄሞግሎቢኑ ካለው ዝቅ ብሎ ይነበባል። ብርቱካን ልጦ እጁን ያልታጠበ ሰው ደግሞ በጣቱ ላይ በቀረው ስኳር ብቻ የስኳር በሽተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚህ ሁሉ መካከል ማሽኑ ምንም የስህተት ምልክት አያሳይም፤ ቁጥሩን አውጥቶ ዝም ይላል።

ከደም ሥር መቅዳት ሌላ ዓለም ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ቀይ ውኃ በተሞላ ሰው ሠራሽ ክንድ ይለማመዳሉ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ቀጥሎ አንዱ ከሌላው ደም ይቀዳል። መምህራን ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፦ ደም ሥር የሚፈለገው በዓይን ሳይሆን በጣት ነው። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ሰማያዊ መስመር የምትፈልግ ተማሪ ትቸገራለች፤ በጠቋሚ ጣቷ ጫን ለቀቅ እያደረገች የምትዳስስ ግን ውኃ እንደተሞላ ቀጭን ጎማ የሚመለሰውን ሥር ታገኘዋለች። ተመራጩ በክርን ጉድጓድ መሃል ያለው ነው። ወደ ሰውነት ጎን ያለው ከአርተሪና ከነርቭ ጋር ስለሚጎራበት መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነው። ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። መርፌው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይገባል።

ከዚያ የቱቦዎቹ ተራ ይመጣል፤ ተማሪዎች በቃል ሲያጠኑት ሌሊት የሚያድሩለት ይህ ነው። የደም ከልቸር ጠርሙስ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ውኃ ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቃማ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ግራጫ። ቅደም ተከተሉን ብቻ የሸመደደች ተማሪ በሥራ ግርግር ትረሳዋለች፤ ምክንያቱን ያወቀች ግን አትረሳውም። የእያንዳንዱ ክዳን ቀለም ቱቦው ውስጥ ያለውን ኬሚካል ይናገራል። በሐምራዊው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ካልሲየሙን በመያዝ ነው፤ እሱ ራሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የፖታሲየም ጨው ነው። ሐምራዊውን አስቀድማ ወርቃማውን ብታስከትል፣ በመርፌው ጫፍ የተሻገረች ትንሽ ቅሪት የታካሚውን ፖታሲየም ከፍ፣ ካልሲየሙን ዝቅ አድርጋ ታሳያለች። ፖታሲየም ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ውጤቱን ሲያይ ጤነኛውን ሰው በእኩለ ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሊጠራው ነው። ቱቦውን መነቅነቅም ያንኑ ጥፋት ያመጣል፤ ቀይ ሴሎቹ ሲፈነዱ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ይፈስሳል። ስለዚህ ሐምራዊው ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገለባበጣል እንጂ አይናጥም። ውኃ ሰማያዊው ደግሞ ካልሞላ ዋጋ የለውም። ለ9 እጅ ደም 1 እጅ ሲትሬት ተመጥኖ ስለተቀመጠ፣ ደሙ ሲያንስ የመርጋት ጊዜው ሐሰተኛ ይሆናል።

ከመርፌው ሁሉ በፊት ግን ስም አለ። ደንቡ ታካሚው በሁለት መለያዎች፣ ብዙውን ጊዜ በስምና በትውልድ ቀን፣ እንዲረጋገጥ ያዛል። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግቦ፣ አንዱ ስም በየወረቀቱ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ትክክለኛ ቀናቸውን የማያውቁ ብዙ ስደተኞች ደግሞ ጃንዋሪ 1 እንደተወለዱ ተደርገው ተመዝግበዋል። ስለዚህ በአንድ ክሊኒክ ስማቸውም የትውልድ ቀናቸውም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ቢገኙ አይደንቅም፤ ያኔ የካርድ ቁጥር ይጨመራል። አጠያየቁም ራሱ ትምህርት ነው። «አባባ፣ አቶ ተስፋዬ ነዎት?» ሲባል ጆሮው የደከመ ሽማግሌ በይሉኝታ ራሱን ይነቀንቃል። «አባባ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» ሲባል ግን መልሱ ከራሱ አፍ ይወጣል። በባዶ ሆድ ለሚሠራ ምርመራ ጾም ሰሞን ለመጣ ሰውም «ጾመዋል?» ከማለት «ከትናንት ማታ ወዲህ ምን ቀመሱ?» ማለት ይሻላል፤ ሥጋና ወተት ያልነካ ሰው ስኳር ያለበት ሻይ ጠጥቶ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ቱቦው ላይ ስም የሚለጠፈውም ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሣ ነው። ባዶ ቱቦ ላይ አስቀድሞ ስም መለጠፍ የሌላ ሰው ደም በዚያ ስም እንዲገባ በር መክፈት ነው።

ሽንት ቀለል ይላል። ስትሪፑ ነከር ተደርጎ ወጥቶ እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ ጊዜ ይነበባል፤ ስኳሩ በ30 ሰከንድ፣ ነጭ የደም ሴሉ በ2 ደቂቃ። ሰዓት ሳይዙ በግምት ማንበብ የተለመደ ጥፋት ነው።

ተማሪዎች የሚሰለቹት ኮንትሮል የሚባለውን ነው፦ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና በማሽኑ ላይ ሠርቶ፣ የማቀዝቀዣውን ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን አይቶ፣ የስትሪፑን ማብቂያ ቀን መርምሮ በመዝገብ መፈረም። ኮንትሮሉ ከወሰኑ ከወጣ የታካሚ ውጤት አይሰጥም፤ ወረፋው ምንም ቢረዝም። አንዲት ተማሪ ይህን ለሐኪም በድፍረት መናገር ከቻለች ትምህርቱ ገብቷታል እላለሁ።

መርፌን በተመለከተ፣ የ2000ው የፌደራል ሕግ ቀጣሪዎች ራሳቸውን የሚሸፍኑ መርፌዎችን እንዲያቀርቡ አስገድዷል። ያገለገለ መርፌ ተመልሶ አይከደንም፤ በቀጥታ ስለታማ ነገሮች ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል። ትምህርቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ካሄፕ በሚባለው የጤና ሙያ ትምህርቶች ዕውቅና ሰጪ ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ከምረቃ በፊት ቢያንስ 160 ሰዓት ክሊኒክ ውስጥ ያሠራሉ። የፈቃድ ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ለምሳሌ ለሜዲካል አሲስታንቶች በጤና መምሪያዋ በኩል ፈቃድ ትሰጣለች። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸም በፊት የሚኖሩበትን ስቴት ሕግና የትምህርት ቤቱን ዕውቅና ማጣራት ያሻል።

አንድ ነገር ለይቼ መናገር የምፈልገው ከአገር ቤት በሕክምና ላቦራቶሪ ዲግሪ ይዘው ለመጡ ነው። ብዙዎች ቶሎ ሥራ ለመያዝ በዚህ በር ይገባሉ፤ ጥሩ ያደርጋሉ። ግን ዲግሪያቸውን አስገምግመው ለላቦራቶሪ ባለሙያ የሚሰጠውን አገር አቀፍ ፈተና የሚወስዱበት መንገድ አለ። የትምህርት ማስረጃውን ከዩኒቨርሲቲው ማስላክ ወራት ስለሚፈጅ፣ ሜዲካል አሲስታንትነቱን በጀመሩበት ሳምንት ጥያቄውን ቢያስገቡ ይሻላል።