ዓርብ የተባለችው ልጅና የደብረ ታቦር ተመልካቾች

አንባቢ ሆይ፥ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሚያስቅ ሲኒማ አይተህ ሆድህን ይዘህ ከሳቅህ በኋላ፥ በማግስቱ «አይተኸዋልን?» ብለው ቢጠይቁህ «ኧረ እኔ አላየሁም» ብለህ ታውቃለህን? እኔ ብያለሁ። ይህንንም የምጽፈው ያን ያልሁበትን ሰኞ ስለማልረሳው ነው።

ሲኒማው የኢጣልያ ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን «ኢል ሲኞር ሮቢንሰን» ይባላል፤ ሙሉ ስሙ እንኳ ከዚህ ይረዝማል። ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1719 ያሳተመውን የሮቢንሰን ክሩሶን ታሪክ በእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ ሳታገኙት አትቀሩም። መርከቡ ተሰብሮ በደሴት ላይ ብቻውን የቀረው ሰው፥ ዓርብ ብሎ የሰየመውን አንድ የአገሩን ተወላጅ ሎሌው ያደርገዋል። ኢጣልያኖቹ ታሪኩን ለቀልድ ገለበጡት። ባለ ታሪኩ የሚላኖ ሀብታም ሆነ፤ ዓርብም ወንድነቱ ቀርቶ ልብስ የማይበዛባት ቆንጆ ልጃገረድ ሆነች። ሀብታሙ ሊያጠምዳት ይጥራል፥ እርሷ እሺ አትለውም፤ ሳቁም የሚመጣው ከዚህ ነው።

በዚያ ዘመን በኢጣልያ እንዲህ ያሉ ገላን ከቀልድ ጋር የሚያቀርቡ ሲኒማዎች በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ሳምንት እየተሠሩ ይጎርፉ ነበር። ሐያስያን ይንቋቸዋል፥ አዳራሹ ግን ይሞላል። ይህኛው ከዚያው ወገን ቢሆንም ሠሪዎቹ ስም ያላቸው ናቸው። ዳይሬክተሩ ሰርጅዮ ኮርቡቺ እ.ኤ.አ. በ1966 «ጃንጎ» የተባለውን የሽጉጥ ሲኒማ የሠራው ነው። ሀብታሙን ሆኖ የሚሠራው ፓውሎ ቪላጆ ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት በ«ፋንቶዚ» አለቃውን ሲያይ የሚንቀጠቀጥ ምስኪን የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ አገሩን በሳቅ ያፈረሰ ሰው ነው። (በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ወዳጆቼ ፋንቶዚን ብታዩት ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።)

ዓርብን ሆና የሠራችው ግን ዘውዲ አርአያ ናት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1951 በኤርትራ፥ በደቀምሐሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሉዊጂ ስካቲኒ በሠራው ሲኒማ ስሟ በኢጣልያ ገነነ፤ ከዚያ ወዲህ ፖስተሩ ሁሉ እርሷን ይዞ ይወጣ ጀመር። በእኛ ዘንድ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ሌላዋ ብትሆን «የፈረንጅ ነገር» ብለን እናልፋለን፤ የእኅታችን የሚመስል ፊት ስናይ ግን ቤታችን እንደ ተከፈተ ይሰማናል።

ባለፈው ሰኔ፥ የፈተና ወረቀት አርመን በጨረስንበት ቅዳሜ ማታ፥ ሦስት ወዳጆቼ ከእኔ ቤት ተሰበሰቡ። ከጉና የሚወርደው ብርድ በደብረ ታቦር የሚያውቀው ያውቀዋል። የሐዋርያት ጾም ስለ ነበር በሽሮ ራታችንን በላን፤ አንዱ ሲኒማውን በፍላሽ ይዞ መጥቶ ነበርና በኮምፒውተሬ ከፈትነው። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋብን፥ ሁለት ጊዜም ጠበቅነው። መጠበቃችን ብቻ አስተያየታችንን ይነግራችኋል።

ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆኑት ጋሼ፥ መጀመሪያ ላይ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው «ይህ በጾም የሚታይ ነው?» አሉ። አልሄዱም ግን። የፊዚክሱ መምህር «የሚያስቀው የሠለጠነ የተባለው ሰው ውኃ እንኳ መቅዳት አለማወቁ ነው» አለ። ሦስተኛው ዝም ብሎ ይስቃል። ሀብታሙ ደጋግሞ ሞክሮ ደጋግሞ ሲያፍር ጊዜ፥ ጋሼ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው፥

«ምን ያደርግ ስሟ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። እስኪፈታ ይጠብቃላ!» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ሲኒማ ውስጥ ይህን የሚያህል ቀልድ አላየሁም፥ ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና ላስረዳ። የእኛ አገር ሰው በፍቅርና በገላ ነገር አይቀልድም የሚል ካለ አዝማሪ ቤት ገብቶ አያውቅም። መሰንቆ የያዘው ሰው ኢጣልያኖቹን የሚያሳፍር ነገር በግጥም ይጥላል፤ ወንዱም ሴቱም አብሮ ተቀምጦ ይስቃል። ሰሙን ሁሉም ይሰማል፥ ወርቁን የሚያወጣው ግን እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው ስለ ሆነ ማንም ማንን አይከስም። ሴት አዝማሪም መልሳ ትመታለች፥ ወንዱም ይቀበላል። የዚህ ሲኒማ ጉድለት መራቆቱ አይመስለኝም። ለዓርብ መልሳ የምትመታበትን ቃል አለመስጠቱ ነው። በዚያ ዘመን በኢጣልያ የተዋንያን ድምፅ ከቀረፃ በኋላ በስቱዲዮ መግባቱ፥ ብዙ ጊዜም በሌላ ሰው ድምፅ መተካቱ የተለመደ ነበር። ገላዋን እናያለን፤ ምን እንደምታስብ ግን አንሰማም።

ይህን ሐሳብ ከራሴ ያፈለቅሁት እንዳይመስላችሁ። ሰኞ ጠዋት በመምህራን ማረፊያ ሻይ ስንጠጣ የሲኒማው ወሬ ተነሣ። አንዳንዱ «የአገር ውርደት ነው» አለ፤ አንዳንዱ «ተራ ቀልድ ነው» አለ። ሁሉም «ሰዎች ሲሉ ሰምቼ» እያለ ነው የሚናገረው። በዚህ መካከል አንዲት ወጣት መምህርት ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፥

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች። «ሰውዬው በጣም አስቆኛል። ካሜራው እሱን ትቶ የእሷን ገላ ሲከተል ግን ሳቄ ይቆማል። እናንተስ የሳቃችሁት የቱ ላይ ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። የፊዚክሱ ወዳጄ «እኔ እንኳ አላየሁትም» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «አላየሁም» አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ትንሽ ከተማ ነው። እስከ ረቡዕ ድረስ «እንዲህ ያለ ሲኒማ የምታይ» የሚለው ስም ከግቢው በር ወጥቶ እስከ ገበያ ደረሰ። አከራይዋ ሴትዮ እንኳ ማታ ማታ ማን እንደሚመጣ ይጠይቋት ጀመር። አራት ወንዶች ሆነን በጾም እስከ እኩለ ሌሊት ያየነውን ግን የጠየቀን አንድ ሰው የለም።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ የሚታይበትን ቤት ሰዉ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ሰይጣን ቤት እያለም ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ሲኒማ ፓራዲዞ» ደግሞ አንድ የሲሲልያ ቄስ ሕዝቡ ሳያይ አስቀድመው ሲኒማውን ብቻቸውን እያዩ፥ መሳም በመጣ ቁጥር ደወል እየደወሉ ሲያስቆርጡት ያሳያል። መሳሙን ሁሉ ያዩት እንግዲህ ቄሱ ናቸው! የዚያ ሲኒማ ፕሮዲውሰር ፍራንኮ ክሪስታልዲ የዘውዲ አርአያ ባል ነበር። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1992 ከሞተ በኋላ ዘውዲ ራሷ ሲኒማ ወደ ማሠራቱ ሥራ ገባች። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያን ሰኞ ባውቀው ምናልባት አፌ ይፈታ ነበር እላለሁ፥ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ዓርብ ዕለት መምህርቲቱን በቤተ መጻሕፍቱ ደጅ አገኘኋትና «ዋሽቻለሁ፥ እኔም አይቼዋለሁ» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «‹ዓርብ ጾም ነው› የምትለዋን ቀልድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነው የሰማሁት። ከማን ቤት የወጣች እንደ ሆነችም ነግረውኛል።»

መጻሕፍቷን አቅፋ ወደ ክፍሏ ሄደች። ደወሉ ተደውሎ ነበር።