የአናጢው ሰዓትና የጎንደር ብረት ቀጥቃጭ

ጋኔይ ቲክቫ ከጎንደር ምን ያህል ይርቃል? ብዙዎቻችን መልሱን የምናውቀው ከወላጆቻችን ታሪክ ነው፤ በእግር ስንት ቀን፣ ሱዳን ውስጥ ስንት ወር። እኔ ግን ዛሬ በኮከብና በሰዓት ልለካው ነው።

ማታ ወደ ሰሜን ዞራችሁ የሰሜን ኮከብን ፈልጉ። ጋኔይ ቲክቫ ላይ ከአድማስ 32 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ጎንደር ላይ ግን 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ይህ ከፍታ ኬክሮስን ይነግረናል፤ ማለትም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደራቅን። በ1731 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ጆን ሃድሊ በመስታወት የሚሠራ ኦክታንት አሳየ። በእሱም መርከበኛ በሚናወጥ መርከብ ላይ ቆሞ ይህን ማዕዘን መለካት ቻለ።

ከባዱ ነገር የምሥራቅና የምዕራብ ልኬት፣ ኬንትሮስ ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ 1 ዲግሪ ማለት 4 ደቂቃ ነው። ጎንደር ከእኛ 2 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ምሥራቅ ስለሆነች፣ ፀሐይ እዚያ አናት ላይ የምትደርሰው 10 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው። አንድ ሰው በጎንደር ፀሐይ የሞላ ሰዓት ይዞ እዚህ ቢመጣና እኩለ ቀንን ቢጠብቅ፣ ከልዩነቱ ብቻ የት እንዳለ ያውቃል። ግን ሰዓቱ መሳሳት የለበትም፤ የ1 ደቂቃ ስህተት በምድር ወገብ ላይ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳስታል። በዚያ ዘመን ደግሞ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ሰዓት አልነበረም። በ1707 አራት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያሉበትን ስተው ከሲሊ ደሴቶች ዓለት ጋር ተላተሙ። በ1714 ፓርላማው መፍትሔ ላመጣ ሰው እስከ 20,000 ፓውንድ ሽልማት በሕግ አወጣ።

መልሱን ያመጣው ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ምሁር አይደለም፤ ጆን ሃሪሰን የሚባል የአናጢ ልጅ፣ ራሱም አናጢ ነው። መጀመሪያ የሠራቸው ሰዓቶች ጥርሳቸው ሳይቀር ከእንጨት ነበር። ብረት በሙቀት እንደሚለጠጥ ስለሚያውቅ፣ ነሐስና ብረት አጣብቆ አንዱ ሲለጠጥ ሌላው እንዲያስተካክለው አደረገ። የዚህ ዘዴ ዘመድ ዛሬ ቤታችሁ ባለው ቁምቁም ውስጥ አለ፤ ውሃው ሲፈላ የሚያጠፋው እሱ ነው። በ1759 የጨረሰው አራተኛው ሰዓት ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ወደ ጃማይካ ሲጓዝ በ81 ቀን የዘገየው 5 ሰከንድ ያህል ነው። እንዲያም ሆኖ ከዳኞቹ መካከል የነበሩ የከዋክብት ሊቃውንት የአናጢውን ሰዓት በቀላሉ አላመኑም። ቀሪውን ትልቅ ክፍያ ያገኘው በ1773፣ 80 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ያውም ንጉሡ ጣልቃ ገብቶለት።

በዚያው ዘመን፣ በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የልኬት መሣሪያና ቴሌስኮፕ ይዞ ጎንደር ገባ። ኬንትሮስን የለካው የጁፒተርን ጨረቃዎች እያየ ነው። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ቤተ እስራኤልም ጽፏል።

ብሩስ በገባባት በዚያች ጎንደር አካባቢ የእኛ ሰዎች ግንበኛ፣ አናጢና ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። የመሬት ርስት ስለተከለከሉ በእጃቸው ሙያ ነው የኖሩት። ቀጥቃጩ የብረቱን ሙቀት የሚያውቀው በቀለሙ ነበር፤ ቀይ ሲሆን፣ ወደ ቢጫ ሲሄድ፣ መቼ መምታት፣ መቼ ውሃ ውስጥ መንከር እንዳለበት። ይሄ እኮ ልኬት ነው! መሣሪያው ዓይኑ ነው እንጂ። ገበሬው ያለ እሱ ማረሻ አያርስም፤ ግን «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ብሎ ያማዋል። «ጠይብ» የሚለው ስም ስድብ ሆነ፤ ቃሉ ግን ከ«ጠቢብ» ጋር ዘመድ ነው፤ ጥበበኛ ማለት ነው።

እንግሊዝ አገርም ባለ ሙያው ተንቋል፤ ሃሪሰን ምስክር ነው። ልዩነቱ ግን እሱ የሚከራከርበት ሕግ፣ ሥራው የሚፈተንበት ቁጥር፣ ስሙ የሚመዘገብበት ወረቀት ነበረው። የእኛ ቀጥቃጭ አንዱም አልነበረውም። ስለዚህ «የእኛ ሰዎች ከሳይንስ ሩቅ ነበሩ» ሲባል ብትሰሙ ዝም አትበሉ፤ የጎደለው እውቀቱ ሳይሆን መዝጋቢው ነው።

መመዝገብ ደግሞ ዛሬም ይቻላል። ሳባችሁ ወይም ሳብታችሁ ከቀጥቃጭ ወይም ከሸክላ ሠሪ ቤት ከሆኑ፣ ስልካችሁን አውጡና ጠይቋቸው፤ ወናፉ ከምን ይሠራ ነበር? ጉጠቱስ? ብረቱ ምን ዓይነት ቀለም ሲይዝ ነው የሚመታው? አንዳንዶቹ ስድቡን ስለሚያስታውሱ መጀመሪያ ላይ ያፍሩ ይሆናል። ታግሳችሁ ጠብቁ፤ የሰጧችሁን ቃል በአማርኛ እንዳለ ጻፉት፤ ስማቸውንም ከጎኑ።