12 ሻማ በ3 ማይል

ጠጋ በሉና ሹክ ልበላችሁ። ከኋላዋ «አዲስ አበባ» ተብሎ የተጻፈባት መርከብ ሌሊት ስትጓዝ የግራ ጎኗ ቀይና የቀኝ ጎኗ አረንጓዴ መብራት ከ3 የባሕር ማይል ርቀት መታየት አለባቸው። ወደ 5 ተኩል ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀጥታ መስመር ከሽሮ ሜዳ መስቀል አደባባይ እንደማለት። ጉለሌ ቡና ላይ ይህን ሳወራ ሁሉም የስታዲየም ፓውዛ ይመስለዋል። ጉዱ ግን ወዲህ ነው፦ በ1972 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመርከብ ግጭት መከላከያ ደንብ ለዚህ ርቀት የሚጠይቀው 12 ካንዴላ ብቻ ነው። አንድ ካንዴላ ደግሞ የአንድ ሻማ ብርሃን ያህል ነው። 50 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ መርከብ ምሰሶ ላይ የሚሰቀለው፣ ከ6 ማይል መታየት ያለበት ነጭ መብራት እንኳ 94 ካንዴላ ይበቃዋል።

ታዲያ በዚህች ብርሃን ማን ያየናል? ጨለማው ነው የሚያግዘን። እኛ የመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ያንን ጨለማ ስንጠብቅ ነው የምናመሸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ፊት የሚያዩ ካቢኖች መጋረጃ ይዘጋል፣ ደጅ ላይ የተረሳ የሥራ መብራት ይጠፋል። ወጥ ቤቱ ጋ ሁሌ ጭቅጭቅ አለ። ከጎን መብራቶቹ በስተጀርባ ያለው ከለላ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ አለዚያ ቀዩ ወደ ማያገባው ወገን ይፈስና ከፊት ለሚመጣው መርከብ አቅጣጫችን ይምታታበታል።

አምፖል ሲቃጠል ዋቱን ከፍ አድርጌ ብርሃን ላትርፍ የሚል ብልጥ አይጠፋም። የሌላ ዓይነት አምፖል ክር ከቦታው ትንሽ ከሳተ ግን የጎን መብራቱ የሚታይበት የ112.5 ዲግሪ ድንበር ይዛባል። ኤልኢዲ ደግሞ የባሰ ተንኮለኛ ነው፤ ድንገት አይቃጠልም፣ ቀስ እያለ ይደክማል። ለዚህ ነው ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚተከሉት ላይ ወይ ብርሃኑ ሲያንስ የሚጮህ ማንቂያ፣ ወይ አምራቹ የወሰነው የአገልግሎት ዘመን መከበር ግዴታ የሆነው።

ወደ ጅቡቲ ስንገባ፣ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ የባሕር ወንበዴ ሥጋት ካለ መርከቧ ድርግም ትላለች። «የጎንና የምሰሶ መብራቶቹንስ ለምን አናጠፋም?» የሚል አዲስ ልጅ መቼም አለ። አይጠፉም። የወንበዴ መከላከያው መመሪያ ራሱ ይከለክላል፤ በዚያ መንገድ ከወንበዴ ይልቅ ሌላ መርከብ ቅርብ ነው።

ባሕር ዳር ማሪታይም ማሠልጠኛ ለመግባት የምትዘጋጁ የሰፈሬ ልጆች፣ አንድ ነገር ከኔ ያዙ፦ መስታወቱ ላይ የተጋገረውን ጨው መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ አርሱት። በደረቅ ጨርቅ ከጠረጋችሁት ይቧጨራል።